ፊት የነሱት ተማሪ እንዴት ያድራል? የእንቅልፍ፣ የስሜትና የመካተት ጥናቶች ዳሰሳ

ተማሪ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ሲል የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ስልክህን አርቅ፣ ማታ ቡና አትጠጣ፣ በጊዜ ጋደም በል። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ፣ እንቅልፍን የአንድ ሰውና የአንድ አልጋ ጉዳይ አድርጎ መጀመሩና በዚያው ማብቃቱ ነው።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት፣ ከሁሉ በላይ በአሜሪካ፣ ጥያቄውን ከመኝታ ክፍል አውጥተው ወደ መማሪያ ክፍሉ፣ ወደ መመገቢያ አዳራሹና ወደ ሰፈሩ የወሰዱ ጥናቶች ተከማችተዋል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ አናሳ ከሆነ ወገን የመጣ ተማሪ ቀኑን በሰው መካከል ያሳለፈበት ሁኔታ ሌሊቱን ይለውጠዋል ወይ? ሌሊቱስ በተራው የማግስቱን መንፈሱንና ከሰው ጋር ያለውን ነገር ይለውጣል ወይ? ይህ ዳሰሳ በሦስት ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና ይመለከታል፤ በእንቅልፍ ጥራት፣ በመንፈስ ሁኔታ፣ እና «እኔም የዚህ ቦታ ሰው ነኝ» በሚለው የመካተት ስሜት።

መደምደሚያዬን ላስቀድም። ማስረጃው ጠንካራ የሚሆነው በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት መካከል ባለው አጭር ዑደት ላይ ነው፤ በዓመታት ርዝመት ሲታይ ገና ክፍተት አለበት። ያም ሆኖ አንድ ነገር ለማለት ይበቃል፤ ተማሪው በቦታው ተቀባይነት ማግኘቱን ሳይመረምሩ ስለ እንቅልፉ ብቻ መምከር ሸክሙን መልሶ በተበደለው ላይ መጫን ነው።

እንቅልፍና መካተት እንዴት ይለካሉ?

በዚህ መስክ ብዙ የተሠራበት መጠይቅ የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው። ዳንኤል ባይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ይህ መለኪያ በ19 ጥያቄዎች ያለፈውን ወር እንቅልፍ ይጠይቃል፤ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ለመተኛት ምን ያህል ጊዜ ወሰደባችሁ፣ ሌሊት ስንቴ ነቃችሁ፣ ቀን እንቅልፍ ያዳፋችኋል ወይ። መልሶቹ በሰባት ዘርፍ ተመድበው ከ0 እስከ 21 ይደመራሉ። ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ደካማ ነው ይባላል።

ርካሽና ቀላል በመሆኑ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ግን ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ሰው የራሱን እንቅልፍ በትክክል አያስታውስም። ሁለተኛ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሥራን ለመሥራት ወኔ ማጣትን ይመለከታል። ወኔ ማጣት ደግሞ የድባቴም ምልክት ነው። ስለዚህ በዚህ መለኪያ «እንቅልፍና ድባቴ ተዛመዱ» ሲባል፣ ከዝምድናው ጥቂቱ አንድን ነገር በሁለት ስም ከመቁጠር የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማለፍ ጠንቃቆቹ ተመራማሪዎች በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር እንቅስቃሴ መዝጋቢ ይጠቀማሉ፤ ወይም ተማሪው በየማታው አጭር ዕለታዊ መዝገብ እንዲሞላ ያደርጋሉ።

መካተትን መለካት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ሮይ ባውማይስተርና ማርክ ሊሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ ከሰው ጋር የጸና ትስስር መፈለግ የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ነው ብለው ተከራከሩ። ለተማሪዎች ጉዳይ የበለጠ የቀረበው ግን ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን በ2007 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እነሱ የጠየቁት ተማሪው ስንት ጓደኛ እንዳለው አልነበረም፤ በቦታው ላይ ያለውን ጥርጣሬ ነበር። የቡድን ሥራ ሲከፋፈል ማንም ያልጠራው ተማሪ ከብዙኃኑ ወገን ከሆነ «ዛሬ አልቀናኝም» ብሎ ያልፈዋል። ከአናሳው ወገን የሆነው ግን ያንኑ ነገር «የእኔ ዓይነት ሰው እዚህ ቦታ የለውም ማለት ነው?» ብሎ ያነበዋል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ማታ አልጋ ላይ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ልዩነቱ እውን አለ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታመን፤ ብዙ ተማሪ በደንብ አይተኛም። በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ 1,125 ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 በወጣ ጥናት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በፒትስበርጉ መለኪያ ደካማ እንቅልፍ ያላቸው ሆነው ተገኙ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው ውጥረት ነበር። እንግዲህ የአናሳ ወገን ተማሪ ጥያቄ «ይተኛል ወይስ አይተኛም?» አይደለም። በዚህ በጋራ ችግር ላይ ሌላ ሸክም ተጨምሮበታል ወይ ነው።

ለዚህ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት መነሻ ይሆናል። ዳያን ሎደርዴልና ባልደረቦቿ በቺካጎ የእጅ አንጓ መዝጋቢ አስረው ለኩና ውጤቱን በ2006 አወጡ። ነጭ ሴቶች በአማካይ 6.7 ሰዓት፣ ነጭ ወንዶች 6.1፣ ጥቁር ሴቶች 5.9፣ ጥቁር ወንዶች 5.1 ሰዓት ይተኙ ነበር። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ልዩነት ገቢ፣ ሥራና የቤት ሁኔታ ከተሰላ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቁጥሩ የጎልማሶች ነው፤ ልዩነቱ ከየትኛው ዕድሜ እንደሚጀምር ግን አይነግረንም። ስለዚህ በወጣቶች ላይ ወደ ተሠሩት ጥናቶች እንለፍ።

ቀኑ ወደ ሌሊቱ ሲገባ

በወጣቶች ላይ ከሠሩት መካከል ግንባር ቀደሟ በኒው ዮርክ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲዋ ቲፋኒ ዪፕ ናት። ከእነ ዪጂዬ ዋንግ ጋር ሆና የጥቁር፣ የላቲኖና የእስያ ተወላጅ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሁለት ሳምንት በየማታው መዝገብ እያስሞላች፣ ሌሊት ደግሞ መዝጋቢ እያሳሰረች ተከታትላለች። ይህ አሠራር አንዱን ልጅ ከሌላው ጋር ሳይሆን ያንኑ ልጅ ከራሱ ጋር ያወዳድራል፤ የተበደለበትን ቀን ካልተበደለበት ቀን ጋር። ድህነት፣ ሰፈር ወይም የቤተሰብ ሁኔታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለማይለዋወጡ ለውጡን በእነሱ ማመካኘት አይቻልም። በ2020 የወጣው ውጤት፣ በዘር ምክንያት መድልዎ ደረሰብኝ ባሉበት ቀን የዚያ ሌሊት እንቅልፋቸው ይበልጥ እንደሚታወክና ማግስቱንም እየደከማቸው እንደሚውሉ አሳየ።

ይህ የሚሆነው በምን መንገድ ነው? ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይነሣሉ። አንዱ ማብሰልሰል ነው፤ የተባለውን፣ ያልተመለሰውን፣ ሊመለስ ይገባ የነበረውን እያመላለሱ ማደር። ሌላው ዘብ መቆም ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ማርጋሬት ሂከንና ባልደረቦቿ በ2013 በቺካጎ ነዋሪዎች መረጃ ላይ ባወጡት ጥናት፣ ዛሬ ምንም ሳይደርስባቸው «ነገ ይደርስብኝ ይሆናል» ብለው ራሳቸውን ሲያዘጋጁ የሚኖሩ ሰዎች የእንቅልፍ ችግር እንደሚበዛባቸው አግኝተዋል። በጥቁርና በነጭ መካከል ከታየው የእንቅልፍ ልዩነት ከፊሉም በዚሁ ጥንቃቄ የሚገለጽ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱን ለማድረስ አዲስ በደል አያስፈልግም፣ መጠባበቁ ብቻ ይበቃል። እንቅልፍ ደግሞ በባሕርዩ ጥበቃን መተው ነው። ሰው የሚተኛው ዙሪያውን ሲያምን ነው።

ጄኒፈር ሃይሰል፣ ኤማ አዳምና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያጠናክራል። በአንድ የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶችን እንቅልፍ ከፖሊስ የወንጀል መዝገብ ጋር አስተያዩት። በመኖሪያቸው አቅራቢያ ከባድ ወንጀል በተፈጸመ ማግስት ልጆቹ ከወትሮው ዘግይተው ይተኙ ነበር። በተከታዩም ቀን ጠዋት ውጥረትን የሚያመለክተው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን አወጣጡ ተለውጦ ተገኘ። ልጆቹ ወንጀሉ የደረሰባቸው አልነበሩም፤ ሰፈራቸው ብቻ ነበር።

ብቸኝነትስ? ጆን ካቾፖና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት ብቸኝነት የሚሰማቸው ተማሪዎች አልጋ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከሌሎቹ እኩል ሆኖ ሳለ ከዚያ ውስጥ በእውነት የሚተኙት ግን ያነሰ እንደሆነ አሳዩ። በ2011 ሊያን ኩሪናና ባልደረቦቿ ይህን በደቡብ ዳኮታ በሚኖሩ ሁተራውያን ላይ ፈተኑት። እነዚህ አብረው አምላኪ፣ አብረው በሊታ፣ አብረው ሠሪ የሆኑ የክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ከመካከላቸው ብቸኝነት ይሰማኛል ያሉት እንቅልፋቸው ይበልጥ የተቆራረጠ ነበር። የእንቅልፋቸው ርዝመት አልቀነሰም፤ ራሳቸውም እንቅልፌ ደካማ ነው አላሉም። መቆራረጡን ያየው የእጅ አንጓ መዝጋቢው ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በሰው መከበብ ብቻውን እንቅልፍ አያመጣም። ጉዳቱም ባለቤቱ ሳያውቀው ሊደርስ ይችላል።

ሌሊቱ ወደ ቀኑ ሲመለስ

እስካሁን ያየነው የዑደቱን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በቤተ ሙከራ የተሻለ ተጠንቷል፤ ሰውን ሆን ብሎ ከእንቅልፍ መከልከል ስለሚቻል።

የካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ዎከር የተሳተፈበት የ2007 ጥናት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ወጣቶች ደስ የማይሉ ሥዕሎችን ሲያዩ አሚግዳላ የተባለው ስሜትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ከተኙት በ60 በመቶ በሚበልጥ ኃይል ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ። ይህን ክፍል ከሚገራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ነበር። በተራ ቋንቋ፣ ያልተኛ ሰው ቶሎ ይከፋዋል፤ ሲከፋውም ራሱን ለመግታት አቅም ያጥረዋል።

ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ዎከር ከኤቲ ቤን ሳይመን ጋር በ2018 ያወጣው ነው። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ወደ እነሱ የሚመጣን ሰው ከወትሮው ራቅ ባለ ቦታ ላይ «በቃ፣ እዚያው ቁም» ይሉ ነበር። በቪዲዮ የተመለከቷቸው፣ መተኛት አለመተኛታቸውን የማያውቁ ሰዎች ደግሞ ብቸኛ ይመስላሉ ብለው ገመቷቸው፤ አብረዋቸው ለመሥራትም እምብዛም አልፈለጉም። እንዲያውም ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ተመልካቾቹ ራሳቸው የበለጠ ብቸኝነት ተሰማቸው። ፊት የተነሣው ተማሪ ማታ አልተኛም እንበል፤ ጠዋት እሱ ከሰው ይሸሻል፣ ሰውም ከእሱ ይሸሻል። ከዚያ «ድሮም አይፈልጉኝም» ብሎ የጠረጠረው እውነት ይመስለዋል። ጥርጣሬው የራሱን ማስረጃ ወለደ ማለት ነው።

የመንፈስ ሁኔታን በተመለከተ ሁለት የድምር ጥናቶች ይጠቀሳሉ። ኪያራ ባሊዮኒና ባልደረቦቿ በ2011 የሃያ አንድ የክትትል ጥናቶችን ውጤት ሲደምሩ፣ መጀመሪያ ድባቴ ያልነበረባቸው ግን እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች በኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አሌክሳንደር ስኮትና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2021፣ 8,608 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 65 በዕጣ የተደለደሉ ሙከራዎች ገምግመው እንቅልፍን ማሻሻል ድባቴን፣ ጭንቀትንና ማብሰልሰልን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። እንቅልፉ በተሻሻለ መጠንም የአእምሮ ጤናው ይሻሻል ነበር። እንግዲህ እንቅልፍ የመንፈስ ሁኔታ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው የዋንግና የዪፕ የ2020 ጥናት ነው። ተማሪዎቹ በደንብ በተኙበት ሌሊት ማግስት መድልዎ ቢገጥማቸው መፍትሔ ወደ መፈለግና ከጓደኛ ጋር ወደ መመካከር ያደሉ ነበር። ባልተኙበት ማግስት ይህ አቅም ያንሳል። ስለዚህ እንቅልፍ በደልን ባያስቀርም በደልን የሚቋቋሙበትን ጉልበት ይሰጣል። በደሉ በበዛበት ቦታ ይህ ጉልበት አብዝቶ የሚያስፈልገው ልጅ ግን ያንኑ ጉልበት በበደሉ ምክንያት የሚያጣው ራሱ ነው።

መካተት እንደ ጋሻ

የመካተት ስሜት ይህን ዑደት ሊሰብረው ይችላል? ቨርጂንያ ህዊንና ካሪ ጊለን-ኦኒል በ2016 የእስያና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው የአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ባወጡት ጥናት መድልዎ እንቅልፍን እንደሚጎዳ ካሳዩ በኋላ፣ በትምህርት ቤታቸው የተካተቱ መስሎ የሚሰማቸው ልጆች ከዚህ ጉዳት በከፊል እንደሚጠበቁ አግኝተዋል። በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መረጃ ስለሆነ ምክንያትና ውጤትን አይለይም፤ አቅጣጫን ግን ይጠቁማል።

ምክንያትን ለመለየት ሙከራ ያስፈልጋል። ዋልተንና ኮኸን በ2011 በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ሙከራ በዘርፉ ዝነኛ ነው። በአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የነባር ተማሪዎችን ምስክርነት አነበቡ። ፍሬ ነገሩ «መጀመሪያ ሁላችንም እዚህ ቦታ የለንም ብለን ነበር፤ ከጊዜ ጋር አለፈ» የሚል ነው። ከዚያ ይህንኑ በራሳቸው አባባል ጽፈው በቪዲዮ ተናገሩ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ክፍተት በግማሽ ጠበበ። ጥቁር ተማሪዎቹ ከንጽጽር ቡድኑ የተሻለ ጤናና ደስታ እንዳላቸው፣ ሐኪም ዘንድ የሄዱበትም ጊዜ እንዳነሰ ተናገሩ። የሠራው ነገር ለተማሪው አዲስ ጓደኛ መስጠቱ ሳይሆን ክፉ ቀን ሲገጥመው የሚያነብበትን መንገድ መለወጡ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ተሳታፊዎቹ ግን ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ቁርጡን ያመጣው በ2023 የወጣው ሰፊ ሙከራ ነው። በ22 የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት 26,911 ተማሪዎች ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ከግማሽ ሰዓት በታች የሚወስድ ተመሳሳይ ልምምድ በኢንተርኔት ሠሩ። በብዙ ቦታ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመታቸውን በሙሉ ጊዜ የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ አለ። ይህ የሆነው ግን ተቋሙ ለእነዚያ ተማሪዎች በእውነት የመካተት ዕድል በሚሰጥበት ቦታ ነው። ዕድሉ በሌለበት «ጊዜ ያልፋል፣ ትካተታለህ» የሚለው መልእክት ብዙም አልሠራም።

በእኔ ንባብ የዘርፉ ሁሉ ማዕከል ይህ ግኝት ነው። ተስፋ የሚሠራው የሚፈጸምበት ቦታ ሲኖር ነው። የተማሪውን አስተሳሰብ ማቅናት ይቻላል፤ በር ዘግቶ «በሩ ክፍት ነው ብለህ አስብ» ማለት ግን አይቻልም።

ያልተቋጩ ክርክሮች

አንደኛው ክርክር ስለ ገንዘብና ጊዜ ነው። አናሳ ተብለው የሚመደቡ ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች እየሠሩ ይማራሉ፣ ረጅም መንገድ ይመላለሳሉ፣ ጫጫታና መብራት በበዛበት ሰፈር ያድራሉ። እንቅልፍ ለማጣት ይህ ብቻውን ይበቃል። ጥናትም ይሻማል። ጊለን-ኦኒል፣ ህዊንና አንድሩ ፉሊግኒ በ2013 በሎስ አንጀለስ 535 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ ከወትሮው አስበልጠው ለማጥናት እንቅልፋቸውን በሠዉ ማግስት ትምህርቱ እንደማይገባቸውና ፈተና ላይ እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። ዕለታዊ መዝገብን የሚጠቀሙት ጥናቶች የመድልዎን ድርሻ ከእነዚህ ለይተው ያሳዩናል፤ ድርሻው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ግን አይነግሩንም።

ሁለተኛው ስለ ምድብ ነው። በአሜሪካ ጥናቶች «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ውስጥ ከባርነት ዘመን ጀምሮ እዚያ የኖሩት፣ ከካሪቢያን የመጡትና የእኛ የዲያስፖራ ልጆች አብረው ይቆጠራሉ። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚማር የኢትዮጵያውያን ልጅ ለመምህሩ ጥቁር ነው፤ ለጥቁር ጓደኞቹ «አፍሪካዊ» ነው፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ወላጆቹ «አሜሪካዊ ሆንክብን» ይሉታል። መካተቱ በሦስት ቦታ ስለሚፈተን የእሱ ሌሊት የአንዱን ሣጥን አማካይ ላይመስል ይችላል።

ሦስተኛው የገዛ ማንነት ጉዳይ ነው። ከራስ ወገን ጋር መጠጋጋት ይጠብቃል ወይስ ያጋልጣል? ዪፕና ባልደረቦቿ በ2019 ያወጡት የድምር ጥናት መልሱ እንደ ደረጃው እንደሚለያይ ይጠቁማል። በማንነቱ የጸና ወጣት በመድልዎ የሚደርስበት ጉዳት ይቀልለታል፤ ማንነቱን ገና በመፈተሽ ላይ ያለው ግን ይበልጥ ይጎዳል። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ደግሞ ለብዙዎች የፍተሻው ዘመን ነው።

በእኛ ግቢ

ጥያቄው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በአሜሪካ አናሳ የሆነ ተማሪ በአብዛኛው በሄደበት አናሳ ነው። በእኛ አገር ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን በየዩኒቨርሲቲው የሚመድበው መንግሥት ስለነበረ አናሳነትን የሚፈጥረው ምደባው ነው። በተወለደበት ከተማ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የብዙኃኑ የሆነ ልጅ፣ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ የገበያውን ቋንቋ የማይሰማበት ቦታ ይደርሳል። ተቀይሮ የማያውቅ ማንነቱ በአንድ ቀን ጉዞ አናሳ ይሆናል።

እንቅልፍን በተመለከተ መረጃ አለን። ሰብለወንጌል ለማ፣ የማነ ብርሃኔና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሠርተው በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ከ2,551 ተማሪዎች 55.8 በመቶ የሚሆኑት ደካማ እንቅልፍ እንዳላቸው አሳይቷል። ደካማ እንቅልፍ ከውጥረት፣ ከድባቴና ከጭንቀት ምልክቶች ጋር በጥብቅ ተዛምዶ ነበር። ሁለቱን የዑደቱን ክፍሎች፣ እንቅልፍንና መንፈስን፣ ይህ ጥናት በሚገባ ያገናኛል። ሦስተኛው፣ ማለትም ተማሪው በግቢው ሰው መሆኑ ይሰማዋል ወይ የሚለው፣ የጥናቱ ዓላማ አልነበረም። ለቀጣዩ ተመራማሪ የቀረው ሥራ ይህ ነው።

ይህ ሥራ ቢሠራ ምን ሊገኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ በርካታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ዶርም ውስጥ የቀረ፣ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ኮሪደር ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ የሚያድርበት ስሜት የሂከን ጥናት «መጠባበቅ» ያለው ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ፍርሃት ሩቅ አለመሆኑ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «ስልክህን አርቅ» ማለት ፌዝ ይሆናል። ስልኩ ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላልና።

ሰላም ባለበት ጊዜም ዶርም የራሱ ፈተና አለው። በተደራራቢ አልጋ ብዙ ሆነው የሚያድሩበት ክፍል ውስጥ አንዱ ሲቸክል ሌላው ሙዚቃ ይሰማል፣ ሦስተኛው ከፈተና በፊት በጫት ወይም በቡና ነቅቶ ያመሻል። መብራቱ መቼ ይጥፋ የሚለው የየማታ ድርድር ነው። በድርድሩ ድምፅ ያለው ማነው? ብዙ ጊዜ በክፍሉ ቋንቋ የሚቀልደው፣ የአገሩ ልጆች አብረውት የሚያድሩት ነው። ብቻውን የተመደበው ዝም ብሎ ይሸፈናል። የሁተራውያኑ ጥናት እንዳስተማረው የክፍሉ መሙላት እንቅልፉን አያድነውም።

በሌላ በኩል ግቢዎቻችን የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሚቀኑበት ሀብት አላቸው። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊሙ ጀመዓ፣ የፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ አዲስ ገቢውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይቀበሉታል፤ የሚያበላው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት የሚያውሰው ያገኛል። ከሁሉ በላይ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎችን በአንድ ላይ ያስቀምጣሉ። የዚያኑ ያህል በር የሚዘጉበት ጊዜም አለ፤ ለአባሉ ጋሻ የሆነው ማኅበር ለሌላው አጥር ሊሆን ይችላል። የማኅበሩ አባል መሆን «የግቢው ሰው ነኝ» ከማለት ጋር አንድ ስላልሆነ ወደፊት የሚሠራ ጥናት ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ለተመራማሪዎች አንድ ትንሽ ማሳሰቢያም አለኝ። የፒትስበርጉ መለኪያ የመኝታና የመነሻ ሰዓትን ይጠይቃል። አንዱ ተማሪ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በስልኩ ላይ በሚያየው በፈረንጆቹ ሰዓት ከመለሰ ስድስት ሰዓት የሚፈናቀል ስሌት ይወጣል። መጠይቁ የትኛውን ሰዓት እንደሚጠቀም በግልጽ ይናገር።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

እንቅልፍን በቀጥታ ማከም ይቻላል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ዳንኤል ፍሪማንና ባልደረቦቹ በ26 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች 3,755 እንቅልፍ የሚያጡ ተማሪዎችን በዕጣ ደልድለው በኢንተርኔት የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ሞከሩ። በ2017 ባወጡት ውጤት፣ ብዙዎች ሕክምናውን ቢያቋርጡም እንቅልፍ ተሻሻለ፣ ጭንቀትና ድባቴ ቀነሰ። ሌሎች ሊጎዱኝ ይፈልጋሉ የሚል መሠረት የሌለው ጥርጣሬም ረገበ።

በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአናሳ ወገን ተማሪ ጥርጣሬ ሁልጊዜ መሠረት የሌለው አይደለም። ሕመምን ማከምና በደልን በሕመም ስም መጥራት ለየቅል ናቸው። አማካሪው «ሰዎቹ ምንም አላደረጉህም» ከማለቱ በፊት ሰዎቹ ያደረጉትን መጠየቅ አለበት።

ከተሰበሰበው ማስረጃ ሥራውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል። በመጀመሪያ የሌሊት ደኅንነት ይቀድማል፤ የሚዘጋ በር፣ የሚታመን ጥበቃ፣ ስድብና ዛቻ ሲደርስ አቤቱታን ሰምቶ የሚቀጣ አካል። እነዚህ በሌሉበት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የዶርም አመዳደብ ይመጣል፤ ማንም ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን የተለየ እንዳይሆን ማድረግና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ለየማታ ድርድር አለመተው ወጪ አይጠይቅም። ሦስተኛው የነባር ተማሪዎች ምስክርነት ነው። ዋልተንና ኮኸን በአንድ ሰዓት ያደረጉትን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በአዲስ ገቢዎች አቀባበል ሳምንት ማድረግ ይቻላል፤ የ2023ቱ ሙከራ ያስተማረው ግን ይህ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኋላ እንጂ በእነሱ ምትክ እንደማይመጣ ነው። የእንቅልፍ ምክርና ሕክምና አራተኛ ሆነው ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ በደንብ ይሠራሉ።

ጥናትን በተመለከተ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሥራ አለ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየማታው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፤ ዛሬ ከማን ጋር ዋልክ፣ ማን አስከፋህ፣ ትናንት እንዴት ተኛህ። እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ የሚሞላው ይህ መዝገብ ከክልላቸው ርቀው የተመደቡት ተማሪዎች በእርግጥ የተለየ ሌሊት ያሳልፉ እንደሆነ ያሳያል። ካሳለፉም የትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው አሠራር እንዳመጣው ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን እንቅልፍ የተማሪው የግል ጉዳይ ነው ሊል አይችልም፤ እንደ ምግቡና እንደ ውኃው የራሱ ኃላፊነት ይሆናል።